ከ76 ዓመት በኋላ የተገኘ ስም፦ የዲመሽቁ ድንጋይ ጠራቢና የሐዲስ መጅሊስ አቴንዳንስ



ኮሌጅ እያለን አቴንዳንስ የሚያዘው ወረቀት በማዞር ነበር። ወረቀቱ ከፊት ወንበር ይነሳና እየተፈረመበት ወደ ኋላ ይመጣል። እኛ ጋ ሲደርስ አንዱ እጅ የሦስት ሰው ፊርማ ይፈርማል። እኔም ለሌሎች ፈርሜያለሁ፣ ለእኔም ተፈርሞልኛል። ያን ጊዜ የጓደኝነት ወግ እንጂ ሌላ ነገር አይመስለንም ነበር። ያረፈደውም ስም ተጠርቶ ካለቀ በኋላ አንገቱን በበሩ አስግጎ "ቲቸር፣ አለሁ!" ይላል፤ መምህሩም ሰልችቶት ምልክቱን ያስተካክልለታል።

ከዓመታት በኋላ ስለ ሐዲስ ዑለማዎች ታሪክ ሳነብ ያቺ የምትዞር ወረቀት ትዝ አለችኝ። እውነቱን ለመናገር አሳፈረችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ630 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1232/33) ኢብኑ አዝ-ዘቢዲ የሚባሉ የባግዳድ ሸይኽ ዲመሽቅ መጥተው ሰሒሕ አል-ቡኻሪ ተቀራባቸው። እንደ ልማዱ በመጅሊሱ የተገኘው ሰው ስም በሙሉ ተጻፈ። ከከተማዋ በላይ ባለው በቃሲዩን ተራራ ግርጌ በተደረገው ቂርአት ላይ ከተመዘገቡት መካከል አሕመድ የሚባል ትንሽ ልጅ ነበረ። ዕድሜው ሰባት ዓመት ገደማ ነው። ኪታቡ አለቀ፣ ሸይኹ ወደ ባግዳድ ተመለሱ፣ በዓመቱም እዚያው ሞቱ። ልጁ አደገ፣ ድንጋይ ጠራቢ ሆነ፣ አገባ፣ አረጀ። ሰዎች "አል-ሐጃር" አሉት፤ ድንጋይ ሠራተኛው ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ስሙ አንድ ኪታብ ውስጥ ተጽፎ መቀመጡን ያሰበ ሰው አልነበረም።

ወደ አል-ሐጃር እንመለሳለን። መጀመሪያ ግን መዝገቡን እንወቀው።

በዚያ ዘመን ሐዲስን የሚማር ሰው ኪታቡን ገዝቶ ቤቱ ቁጭ ብሎ ማንበቡ አይበቃውም ነበር። ከሸይኹ አፍ፣ ወይም በሸይኹ ፊት ሲነበብ በጆሮው መስማት አለበት። ይህ "ሰማዕ" ይባላል። ሸይኹም እንዲሁ ከሸይኻቸው የሰሙ፣ እሳቸውም ከሸይኻቸው። ሰንሰለቱ እስከ ኪታቡ ባለቤት፣ ከዚያም እስከ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይደርሳል። እንግዲህ አንድ ሰው ከሃምሳ ዓመት በኋላ "ይህን ኪታብ ከእገሌ ሰምቻለሁ" ቢል በምን ይታመናል? መልሱ መዝገብ ነው።

መዝገቡ ለብቻው ደብተር አልነበረም። በተነበበው ኪታብ መጨረሻ ወይም ኅዳግ ላይ ይጻፋል። ሸይኹ ማን እንደሆኑ፣ ጮክ ብሎ ያነበበው ማን እንደሆነ፣ ስም የጻፈው ማን እንደሆነ፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ ከዚያም የተገኘው ሰው ሁሉ በየስሙ። ከዲመሽቅ ብቻ ከ550 እስከ 750 ዓመተ ሂጅራ ባሉት ሁለት መቶ ዓመታት ውስጥ ከተጻፉት እንዲህ ያሉ መዝገቦች ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑት ዛሬም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 እዚያው ዲመሽቅ የነበረው የፈረንሳይ የጥናት ተቋም ስሞቻቸውን አሰባስቦ አሳትሟቸዋል። ስሞቹን ያየ ሰው የሚገርመው ዓሊሞቹ ብቻ አለመሆናቸው ነው። ባለ እጅ ሠራተኛ አለ፣ ወታደር አለ፣ ባሪያ አለ፣ ሴቶች አሉ፣ ልጆቹን ይዞ የመጣ አባት አለ። ሁሉም እኩል በስማቸው ተጽፈዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ያረፈደና የቀረ ሰውስ?

ያረፈደ ሰው ከመዝገቡ አይሰረዝም፤ ግን እንደ ሌላውም አይጻፍም። ያመለጠው ክፍል "ፈውት" ይባላል፤ ጸሐፊው ከስሙ ጎን "ከዚህ እስከዚህ ያለው አምልጦታል" ብሎ ያሰፍራል። ሰውየው ያመለጠውን ቦታ በሌላ ቀን ሸይኹ ፊት አስነብቦ ከሰማ ደግሞ መሙላቱ ይጻፍለታል። ልብ በሉ፤ ቅጣት የለም፣ በር ላይ መንበርከክ የለም፣ ወላጅ አምጣ የለም። ያልሰማውን ሰማሁ እንዳይል ብቻ ነው የሚጠበቀው። ሙሉ ቀን በእኛ ትምህርት ቤት በር ላይ ከተንበረከኩት መካከል ያመለጣቸውን ትምህርት በኋላ ያገኙት ስንቶቹ ናቸው ብዬ አስባለሁ አንዳንዴ።

የልጆቹ ጉዳይ ደግሞ የበለጠ የረቀቀ ነው። የሐዲስ ዑለማዎች ሕፃን ልጅ መስማቱ የሚቆጠረው ከስንት ዓመቱ ነው ብለው ተነጋግረውበታል። ብዙዎቹ አምስት ዓመትን ያዙ። መነሻቸው መሕሙድ ኢብኑ ረቢዕ የሚባሉት ትንሹ ሰሐቢይ ናቸው፤ የአምስት ዓመት ልጅ ሳሉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከባልዲ ውኃ ወስደው በአፋቸው ፊታቸው ላይ እንደረጩባቸው ማስታወሳቸውን ተናግረዋል፤ ዘገባው ቡኻሪ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ መዝገቡ ላይ አምስት የሞላው ልጅ "ሰሚዐ" ተብሎ ይጻፋል፤ ሰማ ማለት ነው። አምስት ያልሞላው ግን "ሐደረ" ይባላል፤ ተገኘ ማለት ነው። በአንድ ቃል ልዩነት "ወንበር ላይ ነበረ" እና "ተማረ" የሚባሉትን ሁለት ነገሮች ለዩአቸው። የእኛ አቴንዳንስ እስከ ዛሬ ያላወቀው ልዩነት ነው።

ቁጭ ብሎ ሌላ ነገር የሚሠራስ? ይህም ጥያቄ ሆኖ ነበር። ታላቁ የሐዲስ ሊቅ አድ-ዳረቁጥኒ ወጣት ሳሉ በባግዳድ በኢስማዒል አስ-ሰፋር መጅሊስ ተቀምጠው፣ ሸይኹ ሐዲስ ሲያስጽፉ እሳቸው ሌላ ጽሑፍ ይገለብጡ ነበር። ከጎናቸው ያለው ሰው "አንተ እየገለበጥክ ነው፤ መስማትህ አይቆጠርም" አላቸው። አድ-ዳረቁጥኒም ሸይኹ እስካሁን ስንት ሐዲስ እንዳስጻፉ ጠየቁት። አያውቅም። እሳቸው ግን አሥራ ስምንት ነው አሉ፤ ከመጀመሪያው እስከ አሥራ ስምንተኛው ሰነዱንና ቃሉን በተራ በተራ ዘረዘሩለት። ሰዉ ተደነቀ። ስልኩን ጠረጴዛ ሥር ይዞ "እየሰማሁ ነው" የሚል ወንድም ይህን ታሪክ ማስረጃ ሊያደርገው ይችላል፤ ይቻላል፣ አሥራ ስምንቱን በተራ ከዘረዘረ።

በተቃራኒው ደግሞ ኢብኑ ደቂቅ አል-ዒድን ተመልከቱ። የግብፅ ዋና ቃዲ እስከ መሆን የደረሱ ዓሊም ናቸው። ኢብኑል ሙቀየር ከሚባሉ ሸይኽ ሰምተዋል፤ መስማታቸውም የተረጋገጠ ነው። ግን ከእሳቸው አያስተላልፉም ነበር። ለምን? በመጅሊሱ ላይ ሳሉ አንቀላፍቼ ይሆን እንዴ ብለው ስለ ተጠራጠሩ። መዝገቡ "ተገኝቷል" ይላቸዋል፤ እሳቸው ራሳቸውን ቀሪ አሉ።

የሱነን ባለቤት የሆኑት ኢማም አን-ነሳኢይም እንዲሁ ናቸው። ከግብፁ ቃዲ ከአል-ሓሪስ ኢብኑ ሚስኪን ጋር በሆነ ምክንያት ተቀያይመው ከመጅሊሳቸው ተከለከሉ። ሸይኹ በማያዩዋቸው ቦታ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። በኪታባቸው ውስጥ ከእሳቸው ሲያስተላልፉ ታዲያ "ነገረን" አይሉም፤ "እሱ ላይ ሲነበብ እኔ እየሰማሁ" ይላሉ። ሸይኹ ለእኔ ብለው አልነገሩኝም ማለታቸው ነው። ዛሬም ኪታቡን የገለጠ ሰው ያቺን ቃል ያገኛታል። አንድ ሰው በራሱ አቴንዳንስ ላይ ይህን ያህል ጥንቁቅ ሲሆን አይተን አናውቅም።

መዝገቡ የጸሐፊው ንብረት ብቻም አልነበረም፤ ስሙ የተጻፈበት ሰው መብት ነበረው። በኩፋ አንድ ሰው፣ የእኔ ስም የሰፈረበትን ኪታብ ይህ ሰው ሊያውሰኝ እምቢ አለ ብሎ ባልደረባውን ቃዲ ሐፍስ ኢብኑ ጊያስ ዘንድ ከሰሰ። ቃዲው ኪታቦቹን አስመጡ። ፍርዳቸውም ይህ ነበር፦ የከሳሹን መስማት አንተ በራስህ እጅ ጽፈኸው ከሆነ ኪታቡን ለማዋስ ትገደዳለህ፤ እሱ በራሱ እጅ የጻፈው ከሆነ ግን አትገደድም። በራስህ እጅ ስሙን ስትጽፍለት መብቱን አምነህለታል ነው ነገሩ። ሐፍስ የሞቱት በሂጅራ ሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ውጤቱን ወይም ማስረጃውን ከቢሮ ቢሮ እየተመላለሰ የለመነ ሰው ይህ ፍርድ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

የዚህ ሁሉ መነሻ ግን ከዚያም በፊት ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረዲየላሁ ዐንሁ) ከመዲና ከፍ ባለው የአል-ዐዋሊ ሰፈር ይኖሩ ነበር። ሥራ ነበረባቸውና በየቀኑ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መውረድ አይችሉም። ከአንድ የአንሷር ጎረቤታቸው ጋር ተስማሙ፤ አንድ ቀን እሱ ይወርዳል፣ አንድ ቀን እሳቸው። የወረደው የዚያን ቀን ወሕይና ወሬ ሁሉ ይዞ ለቀረው ይነግረዋል። ይህንንም ቡኻሪ በዒልም ክፍል አስፍረውታል። ጓደኛ ስለ ጓደኛ ተገኘ ማለት ይህ ነው። እኛ የምንፈርምለት ጓደኛችን ፊርማውን ያገኛል እንጂ ትምህርቱን አያገኝም ነበር።

መድረሳዎች በመንግሥትና በወቅፍ ገንዘብ ሲቋቋሙ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አሁን ተማሪው ደመወዝና እንጀራ አለው። በ631 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1234) ባግዳድ ላይ የተከፈተው የሙስተንሲሪያ መድረሳ ለአራቱም መዝሀቦች ለእያንዳንዳቸው 62 ተማሪ መድቦ ነበር፤ በጠቅላላው 248። ከሁለት ዓመት በኋላም በመድረሳው ፊት ለፊት በውኃ የሚሠራ የሶላት ሰዓትን የሚያሳይ ድንቅ ሰዓት ተተከለ። ሰዓት አላውቅም ነበር ማለት አበቃ። (መምህር የቀረበትም ጊዜ አለ። በ459 የባግዳዱ ኒዛሚያ ሲከፈት ሰዉ ተሰብስቦ ቢጠብቅ የተሾሙት አቡ ኢስሓቅ አሽ-ሺራዚ አልመጡም። ቦታው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተወሰደ ነው የሚል ነገር ሰምተው ነው። ሃያ ቀን ያህል ኢብኑ አስ-ሰባግ በምትካቸው አስተማሩ፤ ከዚያ እሳቸው ተለምነው ገቡ።)

ደመወዝ ሲኖር ቀሪን የሚመዘግብ ሠራተኛ ያስፈልጋል። "ካቲቡል ገይባ" ይባላል፤ የቀሪ ጸሐፊ። የዲመሽቁ ቃዲ ታጁዲን አስ-ሱብኪ (በ771 የሞቱ) ሙዒዱ አን-ኒዐም በሚለው ኪታባቸው ከሱልጣን ጀምሮ እስከ ተራው ባለሙያ የየአንዳንዱን ግዴታ ሲዘረዝሩ ይህን ሰው አልረሱትም። የቀረውን ለምን እንደቀረ እንዲጠይቅ፣ ምክንያት ካለው ምክንያቱን እንዲገልጽለት ያዙታል። ሳያጣራ ከጻፈ የሰውየውን ሐቅ በድሏል። ትንሽ ነገር ተቀብሎ ካለፈው ደግሞ በጀሀነም አፋፍ ላይ ነው ይሉታል። ኪታቡ የተጻፈው ከ650 ዓመት በፊት ነው፤ ጉቦው ግን የትናንት ይመስላል።

እንግዲህ ወደ ድንጋይ ጠራቢያችን።

በ706 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1306/07) ያ አሮጌ መዝገብ ተገኘ። ኢብኑ አዝ-ዘቢዲ ላይ ቡኻሪ ሲነበብ ከተገኙት መካከል አሕመድ ኢብኑ አቢ ጧሊብ የሚል ስም አለ። ሰውየው ደግሞ በሕይወት አለ፤ እዚያው ዲመሽቅ፣ በቃሲዩን ሥር በሳሊሒያ ሰፈር። ኢብኑ ከሲር (ረሒመሁላህ) ሙሐዲሶቹ በዚህ እጅግ እንደተደሰቱ ጽፈዋል። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ለዓመታት የድንጋይ ሠራተኞች አለቃ ነበሩ፤ በኋላ ዘመናቸው ደግሞ በልብስ ስፌት ይተዳደሩ ነበር። ዓሊም አይደሉም። የተፈለጉት ለዕውቀታቸው አይደለም፤ ለአቴንዳንሳቸው ነው።

ይህ ለምን ያን ያህል እንደሚያስደስት ለመረዳት ሰንሰለቱን እንቁጠር። አል-ሐጃር ከኢብኑ አዝ-ዘቢዲ፣ እሳቸው ከአቡል ወቅት፣ እሳቸው ከአድ-ዳውዲ፣ እሳቸው ከአስ-ሰረኽሲ፣ እሳቸው ከአል-ፊረብሪ፣ እሳቸው ከራሳቸው ከኢማም አል-ቡኻሪ። በመካከል አምስት ሰው ብቻ። ቡኻሪ የሞቱት በ256 ነው። አራት መቶ ሰባ ዓመት በላይ በአምስት ሰው ተሻገረ! ይህ ሊሆን የሚችለው ሕፃናት ከረጅም ዕድሜ ሽማግሌዎች እግር ሥር እየተቀመጡ፣ እነሱም አርጅተው በተራቸው ለሕፃናት ሲያሰሙ ነው። ልጆችን ወደ መጅሊስ ይዞ የመምጣቱ ሚስጥር እዚህ ላይ ነው።

ከነዚህ አምስት መካከል የአቡል ወቅትን ልጅነት ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ465 ዓመተ ሂጅራ አባታቸው በዛሬዋ አፍጋኒስታን ከምትገኘው ከሄራት ወደ ቡሸንጅ፣ ቡኻሪን ከአድ-ዳውዲ እንዲሰሙ በእግር ወሰዷቸው። ልጁ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። አባትየው በእያንዳንዱ እጁ ድንጋይ አስያዙት። ሲደክመው አንዱን ጣል ይሉታል፤ ቀለል ይለዋል፤ ይሄዳል። እንደገና ሲደክመው ሌላኛውን ያስጥሉታል። መራመድ ሲያቅተው በትከሻቸው ይሸከሙታል። መንገድ ላይ ገበሬዎች አግኝተው፣ ልጁንና አንተን በከብት እናድርሳችሁ ቢሏቸው፣ የረሱልን ሐዲስ ፍለጋ እየሄድን እንዴት እንጋልባለን ብለው እምቢ አሉ። ዛሬ ለእኛ ግትርነት ይመስላል፤ ምናልባትም ነው። ግን ያ ልጅ በሰዓቱ ባይደርስ ኖሮ አል-ሐጃርም የሚሰሙት ነገር ባልኖረ።

አል-ሐጃር ከተገኙ በኋላ እረፍት አላገኙም። ኢብኑ ከሲር እንደሚሉት ቡኻሪ ብቻ ስልሳ ጊዜ ያህል ተነቦባቸዋል። በልጅነቷ ከዚያው ከኢብኑ አዝ-ዘቢዲ ሰምታ ስሟ የተመዘገበች ሌላም ነበረች፤ ሲቱል ዉዘራእ የምትባል የዲመሽቅ ሙሐዲስ። ሁለቱም አርጅተው ሳሉ ወደ ካይሮ ተጠርተው ሰዉ ቡኻሪን ሰማባቸው። በነገራችን ላይ በዚያን ጊዜ ካይሮ ውስጥ ከኛው አካባቢ የሄዱት ፈኽሩዲን አዝ-ዘይለዒም ነበሩ፤ በ705 ገብተው ፊቅህ ያስተምሩ ነበር።

ኢብኑ ባጡጣም ዲመሽቅ በገባ ጊዜ አላለፈውም። በ726 ረመዳን (እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1326) በኡመያ መስጂድ ቡኻሪን ከእኚሁ ሽማግሌ በአሥራ አራት ቁጭታ መስማቱን በጉዞ መጽሐፉ ይነግረናል፤ አንባቢው የታሪክ ጸሐፊው አል-ቢርዛሊ ነበሩ። ሊቁ ያነባሉ፣ የአገሩ ዑለማዎች ይሰማሉ፣ በመካከል ደግሞ የቀድሞው ድንጋይ ጠራቢ ተቀምጠዋል።

እዚህ ላይ አንድ ሐቀኛ ጥያቄ አለ። ኪታቡን ሊያስረዳ የማይችል ሰው በተገኘ ስሙ ብቻ እንዲህ መከበሩ ትክክል ነው? በዚያው ዘመን የነበሩ ዑለማዎችም ሰው ለአጭር ሰነድ እየሮጠ ዕውቀቱን ረሳ ብለው ወቅሰዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱን አላምታቱም። መገኘት ሌላ፣ ማወቅ ሌላ። አል-ሐጃርን "ሰማህ ወይ?" ብለው ጠየቋቸው እንጂ "ፍታልን" አላሏቸውም፤ መፍታቱን ከአል-ቢርዛሊና ከአል-ሚዚ ፈለጉት። እኛ ትምህርት ቤት ግን ለመገኘት ማርክ እንሰጣለን፤ ማወቅን ደግሞ አርብ ዕለት በሚሰጥ ፈተና ለክተን ሰኞ እንረሳዋለን። በአገራችን የቁርኣን ቤት ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ሉሑ የሚታጠበው ቀኑ ስለ ደረሰ አይደለም፣ ልጁ በቃሉ ሲያሰማ ነው።

አል-ሐጃር መቶ ዓመት አለፋቸው። ይህን የሚጠራጠር ሰው እንዳይኖር ማስረጃው ያው መዝገብ ነው። ቡኻሪን የሰሙት በ630 ነው፤ በ730 በሰፈር ወር በዲመሽቅ ታላቁ መስጂድ አሰሙት። ኢብኑ ከሲር በዚያ ቀን ተቀምጠው ከሰሙት አንዱ ነበሩ። ሽማግሌው በዚያው ወር ሞቱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ከእሳቸው ከሰሙት መካከል አንዱ አት-ተኑኺ ናቸው፤ ከአት-ተኑኺ ደግሞ ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ ሰሙ፤ ፈትሑል ባሪን የጻፉት።

በአካባቢያችሁ የቡኻሪ ኢጃዛ ያለው ሸይኽ ወይም ኡስታዝ ካለ ሰነዱን እንዲያሳያችሁ በአደብ ጠይቁ። ከላይ ወደ ታች እየቆጠራችሁ ኢብኑ ሐጀር ጋ ስትደርሱ፣ ሁለት ስም ወደ ላይ ውጡ። ብዙዎቹ ሰነዶች ላይ አሕመድ ኢብኑ አቢ ጧሊብ አል-ሐጃር እዚያ አሉ።